ዘውድና መስቀል በመቅደላ አምባ

ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በዚያው በደቡብ ወሎ ደጋ፣ መቅደላ አምባ ይገኛል። መቅደላ ሲባል ሁላችንም ዐፄ ቴዎድሮስን እናስባለን። በዚያው አምባ ታስረው የሞቱትን ጳጳስስ ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

አቡነ ሰላማ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስን ደረስጌ ማርያም ላይ ቀብተው አነገሡ። ኋላ ግን ንጉሡ ለሠራዊታቸው ቀለብ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ፈለጉ፤ ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል አሉ። ካህናቱ ተቃወሙ፤ ጠቡም እየከረረ ሄደ። ጳጳሱ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. እንደ ታሰሩ ዐረፉ። ንጉሡም ከስድስት ወር በኋላ በዚያው አምባ የገዛ ሕይወታቸውን አጠፉ።

በአውሮፓ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ነበር። ጳጳሳትን የሚሾመው ማን ነው በሚል ጠብ የተወገዘው የጀርመን ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1077 ካኖሳ በተባለ ግንብ ደጅ በብርድ ሦስት ቀን ቆሞ ፓፓ ጎርጎርዮስ ሰባተኛን ምሕረት ለመነ። እ.ኤ.አ. በ1302 ፓፓ ቦኒፋስ ስምንተኛ፣ ሰው ሁሉ ለመዳን ለሮም ፓፓ መገዛት አለበት ብለው አወጁ። በዓመቱ የፈረንሳይ ንጉሥ ሰዎች ያዟቸው።

ወገኖቼ፣ በመቅደላ ዘውድ፣ በካኖሳ መስቀል አሸነፈ፤ ወንጌል ግን በሁለቱም አልከበረም። እኛስ? ለጸሎት ቤትና ለመቃብር ቦታ የባለ ሥልጣን ደጅ ስንጠና ከርመን፣ ቦታውን ካገኘን በኋላ ድሀ ሲበደል ዝም እንላለን? በአጥቢያችንስ የማይጠየቅ መሪ አለ? ማቴዎስ 20፥25-28ን ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡ። ጌታችን ታላቅነትን የለካው በማገልገል ነው።