የፕሮግራም መልክና ክብደት

የኮምፒዩተርን ሥራ ሁሉ የሚያስተባብረው መሠረታዊ ሶፍትዌር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ዊንዶውስ፣ ማክኦኤስና ሊነክስ የየራሳቸው መስኮት፣ አዝራርና የጽሑፍ መሙያ ሣጥን ስላላቸው፣ ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይ እንዳለ አይሠራም፤ በዚህም ምክንያት አንዱን ሥራ ሦስት ጊዜ መጻፍ የማይፈልጉ ፕሮግራመሮች «ቱልኪት» በሚባል የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ ይጠቀማሉ፤ ቱልኪቱ አንድ ጊዜ የተጻፈውን ትእዛዝ በየሲስተሙ ላይ ወደሚታይ መስኮትና አዝራር ይለውጠዋል።

ቱልኪቶች ይህን የሚያደርጉበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ጁሊያን ስማርት በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው፣ ዛሬ ደብሊውኤክስ ዊጄትስ የሚባለው ቱልኪት አዝራር ሲያስፈልገው ሲስተሙን ራሱን ይጠይቃል፤ በ1995 ከኖርዌይ ለሕዝብ የቀረበው ኪዩት ደግሞ የሲስተሙን መልክ እያስመሰለ አዝራሩን በራሱ ይሥላል። የፕሮግራም ቋንቋው ጃቫ ሁለቱንም ሞክሯል። የመጀመሪያው ቱልኪቱ፣ ኤደብሊውቲ፣ ከሲስተሙ ይዋስ ስለነበር ሁሉም ሲስተሞች በጋራ ካሏቸው ጥቂት ነገሮች አልፎ መሄድ አልቻለም፤ በ1998 ከጃቫ 1.2 ጋር የመጣው ስዊንግ ሁሉንም ራሱ በመሣሉ አቅሙ ቢሰፋም፣ የተለመደው መልኩ በየትኛውም ኮምፒዩተር ላይ የባዕድ ሆኖ ታየ።

መልክ ሲባል የቀለምና የቅርጽ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሚበልጠው ቁም ነገር ከቀለሙ በስተጀርባ ያለው ጠባይ ነው። ማየት የተሳናቸው ሰዎች በስክሪኑ ላይ ያለውን ወደ ድምፅ በሚለውጥ ፕሮግራም ይጠቀማሉ፤ ከሲስተሙ የተወሰደ አዝራር ማንነቱን ለዚህ ፕሮግራም ያስታውቃል፣ ቱልኪቱ የሣለው አዝራር ግን ሠሪዎቹ ይህንን አገልግሎት ለብቻ ካልጨመሩለት ለሲስተሙ ባዶ ሥዕል ነው። የግዕዝ ፊደልም በዚሁ ፈተና ውስጥ ያልፋል። ፊደሉ በ1999 የዓለም ፊደላት የኮምፒዩተር መለያ በሆነው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቢገባም፣ በብዙ የአማርኛ መጻፊያ ዘዴዎች አንድ ሆሄ ከአንድ በላይ ቁልፍ ተነክቶ ስለሚጻፍ፣ በመጀመሪያው ቁልፍ «ህ» ሆኖ የታየው በሁለተኛው ወደ «ሁ» መለወጥ አለበት፤ ይህን ለውጥ ያልተማረ የጽሑፍ ሣጥን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለአማርኛ ጸሐፊ አይረባም። ለሲስተሙ መልክ ታማኝ መሆን ክብር የሚገባው ሥራ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ፕሮግራሙ ከተሠራ በኋላ ለተጠቃሚው የሚደርስበት መንገድ ሌላው ጭንቅ ነው። በሊነክስ ላይ፣ በአዲስ ሲስተም የተዘጋጀ ፕሮግራም ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት መሠረታዊው የሲ ቋንቋ የኮድ ቤተ መጻሕፍት አሮጌ በሆነበት ኮምፒዩተር ላይ ላይነሣ ይችላል፤ አፕል ደግሞ ከ2019ኙ ማክኦኤስ ካታሊና ጀምሮ ከመደብሩ ውጭ የሚሰራጭ አዲስ ፕሮግራም በራሱ አገልጋዮች እንዲመረመር ይጠይቃል።

በ2013 በጊትሃብ የተጀመረው ኤሌክትሮን አንዱን ሥራ ሦስት ጊዜ የመጻፍን ጭንቅ በአንድ እርምጃ አቃለለው፤ ስንቁን ሁሉ ተሸክሞ እንደሚሄድ መንገደኛ፣ በእርሱ የተሠራ እያንዳንዱ ፕሮግራም ክሮሚየም የተባለውን ሙሉ የኢንተርኔት ማሰሻና ኖድ የተባለውን የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ ይዞ ይመጣል። ቪኤስ ኮድና ስላክ በዚህ መንገድ ከተሠሩት መካከል ናቸው። ለፕሮግራመሩ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ተጠቃሚው ነው፤ ቀላል ማስታወሻ መያዣ እንኳ ከመቶ ሜጋባይት በላይ ሊመዝን ስለሚችልና ሁለት ፕሮግራሞች አንዱን ማሰሻ ሁለት ጊዜ ስለሚጭኑ፣ የኢንተርኔት ጥቅል በሜጋባይት ገዝቶ ለሚያወርድ ሰው ወይም ማህደረ ትውስታው ጠባብ ለሆነ አሮጌ ኮምፒዩተር ሸክሙ እውነተኛ ነው፤ የሠሪው ምቾት ይህን ያህል ወደ ተጠቃሚው ትከሻ መዛወሩም ተገቢ አይደለም።

የመጀመሪያ ሙሉ እትሙ በ2022 የወጣው ሌላው መሣሪያ፣ ታውሪ፣ ማሰሻውን ከመሸከም ይልቅ በሲስተሙ ውስጥ ባለው ይጠቀማል፤ ፕሮግራሙም ወደ ጥቂት ሜጋባይት ይወርዳል። ነገር ግን በዊንዶውስ የሚያገኘው ማሰሻ በክሮሚየም ላይ የተመሠረተ፣ በማክኦኤስና በሊነክስ የሚያገኘው ደግሞ ዌብኪት የተባለው የሌላ ማሰሻ ሞተር ዘር ስለሆነ፣ ፕሮግራመሩ አንዱን ገጽ በሦስቱም ላይ ለየብቻ ከመፈተሽ አያመልጥም።