ተጨማሪ መረጃ፦ የሲጋራ ቁራጭ ወዴት ይሄዳል?

ቡታጅራ መናኸሪያ ደጃፍ የተጣለ የሲጋራ ቁራጭ በክረምት ጎርፍ ተጠርጎ ወደ መቂ ወንዝ፣ ከዚያም ዝዋይ ሐይቅ ሊደርስ ይችላል፤ የወልቂጤው ደግሞ ወደ ዋቤና ጊቤ ወንዞች። ማጣሪያው ጥጥ ይመስላል እንጂ ሴሉሎስ አሲቴት የተባለ ፕላስቲክ ነው፤ ለመበጣጠስ ዓመታት ይፈጅበታል፣ ኒኮቲንና ከባድ ብረቶችንም ወደ ውኃ ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው በየዓመቱ 4.5 ትሪሊዮን ማጣሪያ ይጣላል።

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እንዲህ ያለ ቁራጭ የለውም። ነገር ግን የሊቲየም ባትሪ፣ ፕላስቲክና የኒኮቲን ፈሳሽ በአንድ ላይ ይዟል፤ ከተራ ቆሻሻ ጋር ሲቃጠል ባትሪው ሊፈነዳ ይችላል። በሚጣለው ብዛት ሲጋራው ይከፋል፤ በነጠላ ሲታይ ግን ኤሌክትሮኒኩ ይብሳል። በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ሽያጭ ዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከልክሏል።