ብርብራ ዓሣን የሚገድለው በምን መንገድ ነው?

የብርብራ ፍሬ ደርቆ ይወቀጥና ዱቄቱ ወንዝ ውስጥ ይበተናል። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው እንደ ሰካራም መንገዳገድ ይጀምራል፤ ከዚያም ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። በጣና ገባር ወንዞች ዳር ይህ የቆየ የማጥመጃ ዘዴ ነው። ብዙ ሰው ብርብራው የዓሣውን መተንፈሻ ደፍኖ የሚገድለው ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከዚህ ይረቃል፤ ለመረዳትም ዓሣ እንዴት እንደሚተነፍስ ማወቅ ይጠይቃል።

አንድ ሊትር አየር ውስጥ ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ኦክስጅን አለ። ከጣና በተቀዳ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ግን አምስት ስድስት ሚሊ ሊትር ቢገኝ ነው። ዓሣ በዚህች ጥቂት ነገር የሚኖረው በስንጥቡ ነው። ገበያ ላይ ዓሣው ትኩስ መሆኑን ለማየት ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገለጥ ሲያደርጉት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀያይ ክሮች ይታያሉ። ቅላታቸው ከደም የመጣ ነው፤ ቆዳቸው እጅግ ስስ በመሆኑ ደሙ ከውሃው ጋር ለመገናኘት ትንሽ ነው የሚቀረው። ውሃው በአፍ ገብቶ በክዳኑ ሥር ይወጣል። ደሙ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሚፈስ በመንገዱ ሁሉ ከእሱ የበለጠ ኦክስጅን የያዘ ውሃ ያጋጥመዋል። በዚህ ብልሃት አንዳንድ ዓሣ በውሃው ውስጥ ካለው ኦክስጅን እስከ 80 በመቶ ድረስ መውሰድ ይችላል። የእኛ ሳንባ ሩብ ያህሉን ነው የሚያስቀረው።

ደሙን በስንጥቡ የምታሳልፈው የዓሣ ልብ ትንሽ ናት፤ ጉሮሮው ሥር፣ ከስንጥቡ ኋላ ትገኛለች። ዋና ዋና ክፍሎቿ ሁለት ብቻ ናቸው፦ አንዱ ደም ይቀበላል፣ ሌላው ይገፋል። በሰው ዘንድ ደም ሳንባ ደርሶ ወደ ልብ ይመለስና እንደገና ተገፍቶ ወደ ሰውነት ይሄዳል። በዓሣ ግን መመለስ የለም። ከልብ ወደ ስንጥብ፣ ከስንጥብ በቀጥታ ወደ ጡንቻና አንጎል፣ ከዚያ ወደ ልብ፤ አንድ ዙር ብቻ ነው።

ብርብራው የሚጠቀመው ይህንኑ መንገድ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮተኖን የተባለ መርዝ ኦክስጅን በሚገባበት በዚያው ስስ ቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ደሙም በየሕዋሱ ያደርሰዋል። እዚያ ሲደርስ ሕዋሱ ኦክስጅንን ወደ ጉልበት የሚለውጥበትን ሥራ ያስቆማል። ስንጥቡ አልተደፈነም፣ ውሃውም ኦክስጅን አላጣም፤ ዓሣው የሚሞተው ኦክስጅኑ ደጁ ደርሶ ሳይጠቀምበት ነው።

ጉዳቱ የሚከፋው በመራቢያ ወቅት ነው። ከዳንግላ አካባቢ የሚወርደው የቅልጢ ወንዝ ግልገል ዓባይን ይቀላቀላል፣ ግልገል ዓባይም ጣና ይገባል። ክረምት ሲገባ ከጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች በርከት ያሉት የዚህን መንገድ ግልባጭ ይይዛሉ፤ ሐይቁን ትተው ወደ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ጠጠራማ ወለልና ፈጣን፣ ጥሩ ኦክስጅን ያለው ውሃ ነው። ሴቷ እንቁላሏን ጠጠሩ ላይ ትጥላለች፣ ወንዱ ዘሩን ያፈስበታል፤ ፅንሱ የሚፈጠረው ከእናቱ ሰውነት ውጭ ነው። በጣናው ቆሮሶ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው፤ እናቲቱ እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፣ ጫጩቶቹንም አደጋ ሲመጣ መልሳ ትጎርሳቸዋለች። አምባዛ ደግሞ ጎርፍ ያለበሰው ሣር ላይ ይጥልና ይሄዳል።

ነጭ ዓሣ እንቁላሉን አይጠብቅም፤ የሚተማመነው በብዛቱና በቦታው ነው። ስለዚህ በወንዝ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ ሊወልዱ የሚወጡትን ይለቅማል፣ ሽቅብ የተበተነ ብርብራ ደግሞ የደረሱትንም የተፈለፈሉትንም ያጠፋል። በፈረንጆቹ 1991 እና 2001 መካከል በጣና ለንግድ የሚጠመደው ነጭ ዓሣ በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ለዚህ በዋናነት ተጠያቂ ያደረጉት በወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋውን መረብ ነው።