የፊትና የኋላ አሞርዛተር አመራረጥ በሶዶ መንገድ

የመለዋወጫ ዕቃ የሚነግድ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ደንበኛ አሞርዛተር ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ጥንካሬውና ስለ ዋጋው ነው። የፊቱና የኋላው ሥራ ግን የተለያየ ስለሆነ፣ ምርጫው በእነዚህ በሁለቱ ብቻ ሊወሰን አይገባም። ይልቁንም ዝቅ ብሎ ለፍጥነት ለተሠራው የስፖርት አውቶሞቢል የምርጫው ስሕተት ከገንዘብ አልፎ ሕይወትን ይነካል።

የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። አሞርዛተሩ ደግሞ በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ የሞላውን መወዛወዝ ይገታል። መኪና ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ፍጥነት ሲጨምር ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ የፊቱ መሪውንና ፍሬኑን፣ የኋላው ተሳፋሪውንና ጭነቱን በማሰብ ይመረጣል። ከሁለቱ የኋላው ከመጠን በላይ ከጠነከረ፣ በኩርባ ላይ የመኪናው ኋላ ይንሸራተታል፤ የፊቱ ከጠነከረ ደግሞ መኪናው ለመሪ በቶሎ አይታዘዝም።

ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ተነሥቶ በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ የሚጓዝ ሰው ወደ ዓባያ ሐይቅ ሸለቆ ይወርዳልና፣ በቁልቁለቱ ላይ የፊቱ አሞርዛተር ይፈተናል። ለለስላሳ የእሽቅድምድም ሜዳ የተሠራ አጭርና ደረቅ አሞርዛተር ግን በጠጠር መንገድ ላይ ጎማውን ያነጥረዋል፤ መሬት ያልነካ ጎማም ፍሬንን አይቀበልም። ረጅም ጎርባጣ መንገድ ዘይቱን አግሎ አረፋ ስለሚያደርገው፣ በጋዝ ግፊት የሚሠራው ዓይነት ይመረጣል።

የስፖርት አውቶሞቢል ለመንገዱ ከተሰናዳ በአፍሪካ መንገድም ብርቱ መሆኑን ዳትሰን 240ዜድ አስመስክሯል። ይህ መኪና በ1971 እና በ1973 እ.ኤ.አ. አቧራና ጭቃ የበዛበትን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር አሸንፏል።

ገዢው ሊያስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂት ናቸው። አሞርዛተር በአንድ አክስል ላይ ሁለቱም በአንድነት ይለወጣል እንጂ፣ አሮጌው ከአዲስ ጋር አይጣመርም። ርዝመቱም ከሞላው ጋር መስማማት አለበት። አካሉ በዘይት ከራሰ፣ ጎማው እዚህም እዚያም ከተበላ፣ ወይም የመኪናው ማዕዘን ተጭኖ ሲለቀቅ ደጋግሞ ከተወዛወዘ፣ ዕድሜው አልቋል።

ሻጩም ዋጋ ከመናገሩ በፊት የሞላውን ዓይነት፣ የሚሄድበትን መንገድና የሚጫነውን ጭነት ይጠይቅ። በዚህ መንገድ የተሸጠ ዕቃ ደንበኛውን በደኅና አድርሶ፣ ወደ ሱቁ በምስጋና ይመልሰዋል።