ለመመለስ የሚኬድበት ማዕከል

ውጭ አገር ሄዶ መማር ለብዙ ምሁር አገሩን የመሰናበቻ መንገድ ሆኗል። በሰሜን ምሥራቅ ጣልያን፣ በትሪየስቴ ከተማ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል የተቋቋመው ግን ይህ እንዳይሆን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከመሥራቹ ከአብዱስ ሳላም ሕይወት ነው። ሳላም በ1926 በፑንጃብ ተወልዶ፣ በካምብሪጅ ተምሮ፣ በ1951 ለማስተማር ወደ ላሆር ተመለሰ። እዚያ በሙያው የሚያወያየው ሰው አጣ፤ አዲስ የምርምር ጽሑፍም እንደልብ አያገኝም ነበር። ለፊዚክስ ሰው ብቸኝነት ማለት ወደ ኋላ መቅረት ነው፤ ዛሬ የሚለፋበትን ጥያቄ ሌላው ትናንት ፈትቶት ሊሆን ይችላል። ከሙያውና ከአገሩ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆንበት በ1954 ወደ ካምብሪጅ ሄደ። ተከታዮቹ በዚህ ምርጫ እንዳይጨነቁ የሚሰባሰቡበት ቤት እንዲሠራ ሐሳብ ያቀረበው በ1960 ነው። የትሪየስቴው የፊዚክስ ሊቅ ፓኦሎ ቡዲኒክ ደገፈው፤ የጣልያን መንግሥት እጁን ዘረጋ፤ ማዕከሉም በ1964 ሥራ ጀመረ። ሳላም በ1979 የኖቤል ሽልማት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተጋራ። በ1996 ካረፈ በኋላ ማዕከሉ በስሙ ተሰየመ።

ከአሠራሩ አብልጬ የማደንቀው ተባባሪ ተመራማሪ የሚባለውን መርሐ ግብር ነው። መምህሩ ሥራውና ደመወዙ በአገሩ ዩኒቨርሲቲ እንዳለ፣ ለተወሰኑ ዓመታት እየተመላለሰ ትሪየስቴ ይሰነብታል፤ ቤተ መጻሕፍቱን ያገላብጣል፣ ከአቻዎቹ ጋር ይከራከራል፣ ከዚያም ወደ ተማሪዎቹ ይመለሳል። ለወጣቶች ደግሞ ከ1991 ጀምሮ የአንድ ዓመት የዲፕሎማ ትምህርት አለ። የሚመረጡት ከታዳጊ አገሮች ነው፤ ክፍያ የለውም፤ መጓጓዣውና መኖሪያው ተችሎላቸው፣ ኮርሱን በእንግሊዝኛ ተምረውና ተፈትነው፣ መጨረሻ ላይ በአንድ አማካሪ ሥር የመመረቂያ ጽሑፍ ይሠራሉ። ኢትዮጵያውያንም በዚህ በር አልፈዋል።

ከተማዋ ውብ ናት። ከኋላዋ የኖራ ድንጋይ አምባ፣ ከፊቷ የአድሪያቲክ ባሕር። በበጋ ነዋሪው ባርኮላ በሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። በብርዱ ወራት ግን ቦራ የሚሉት ነፋስ ከአምባው ሲወርድ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይከንፋል፤ ድሮ እግረኛው እንዲይዘው በየመንገዱ ገመድ ይወጠር ነበር። ከሞቃት አገር የሚሄድ ተማሪ ወፍራም ካፖርት ይያዝ።

ማዕከሉ ያለው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከሚራማሬ ቤተ መንግሥት መናፈሻ አጠገብ ነው። ነጩን ቤተ መንግሥት ያሠራው በኋላ የሜክሲኮ ንጉሠ ነገሥት የተባለው ማክሲሚሊያን ነው። በ1930ዎቹ ደግሞ የአኦስታው መስፍን አሜዴኦ ኖሮበታል፤ በ1937 የወራሪው ጣልያን እንደራሴ ሆኖ አዲስ አበባ የተላከው፣ በ1941 አምባላጌ ላይ እጁን የሰጠው እሱ ነው። የዚያ ሰው መናፈሻ ዛሬ የኢትዮጵያ ልጆች ከክፍል ወጥተው የሚንሸራሸሩበት መሆኑ ደስ ይለኛል።

የሳላም ምኞት ሙሉ በሙሉ ሠመረ ማለት አይቻልም። ከዲፕሎማው በኋላ ብዙዎች ለዶክትሬት ወደ አውሮፓና አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይቀጥላሉ፤ ሁሉም አይመለሱም። ማዕከሉ ራሱ ግን ወደ ተማሪው መምጣት ጀምሯል፦ በ2018 ኪጋሊ ላይ የምሥራቅ አፍሪካ እህት ተቋም ተከፍቶ፣ በፊዚክስ ማስተርስና ዶክትሬት ያስተምራል።