«ቲቺንግ ደረሰህ? … አይዞህ!»

«ምን ደረሰህ?» «ቲቺንግ።» «አይ … አይዞህ፣ ምን ይደረግ!»

ይህን የለቅሶ ቤት ወግ ያልሰማ የከተማ ወጣት አለ እንዴ? ምደባው ጅጅጋ ከሆነማ ለቅሶው እጥፍ ነው። እኔ ግን የምላችሁ፣ ወዳጆቼ፣ ሙያውን በሰፈር ወሬ አትመዝኑት፤ ክፍል ገብታችሁ እዩት።

መጀመሪያ መንገዱን እንወቅ። የአንደኛ ደረጃ መምህር ለመሆን ለሚያስብ፣ ጅጅጋ በዶ/ር አብዱልመጂድ ሁሴን ስም የተሰየመ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሚወጣው ከዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። አገራችን ሁለት ዓይነት አሠራር አይታለች። አንደኛው ማስተማሩን ከሂሳቡ ወይም ከባዮሎጂው ጋር ጎን ለጎን መማር ነው። ሁለተኛው መጀመሪያ በትምህርቱ ዲግሪ ይዞ፣ ከዚያ የአንድ ዓመት የማስተማር ዲፕሎማ መጨመር ነው። የደረሳችሁ የትኛው እንደሆነ ቶሎ ጠይቁ፤ ሁለተኛው ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ለሌላ ሥራም በር ይከፍታል።

ዋናው ፈተና ግን ፕራክቲከም ነው። መጀመሪያ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ማየት፣ ቀጥሎ መምህሩን ማገዝ፣ በመጨረሻ ሌሰን ፕላን ይዞ ብቻን መቆም!

ጅጅጋ ልምምድ ላይ የነበረች፣ ከአዳማ የሄደች የሂሳብ ተማሪ ያጫወተችኝን ልንገራችሁ። አባቷ «አካውንቲንግ ካልሆነ ተመለሺ» ብለዋታል። እሷም ልቧ ሸፍቷል። የመጀመሪያ ቀን ሰሌዳውን ሞልታ ስትወጣ ከኋላ የተቀመጡት መምህር «አርባ ደቂቃ ሙሉ ጀርባሽን ነው የተማርነው» አሏት። ሌሊቱን አለቀሰች። በማግስቱ ስለ ንጽጽር ስታስተምር ቶጎ ውጫሌን አነሳች። «መቶ ብር ስንት ሽልንግ ይመነዘራል? ሦስት መቶውስ?» ስትል፣ ቤተሰቦቻቸው የድንበር ነጋዴ የሆኑት ልጆች እጅ በእጅ ሆኑ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እሷ ግን «ማ ፈሀንቴን?» (ገባችሁ?) ማለት ተምራ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አባቷን ገና አላሳመነቻቸውም፤ እሷ ግን ቀርታለች።

አብሯት የሄደው ልጅስ? ሁለት ሳምንት ከኋላ ተቀምጦ አየና «ይሄ የእኔ አይደለም» አለ። እሱም አልተሳሳተም! ሠላሳ ዓመት ተማሪ ላይ ከማማረር ሁለት ሳምንት መቀመጥ ይሻላል።

እንግዲህ ምክሬ ይኸውላችሁ፦

አንደኛ፣ ፎርም ሳትሞሉ በፊት በሰፈራችሁ ት/ቤት ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዳችሁ አንድ ሁለት ቀን ከኋላ ተቀመጡ።

ሁለተኛ፣ ጅጅጋ ወይም ቀብሪበያህ ከተመደባችሁ ከመጀመሪያው ሳምንት ሶማልኛ ልመዱ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በክልሉ ታችኛ ክፍሎች ልጆች የሚማሩት በቋንቋቸው ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሲያደናግራቸው የምትደርሱላቸው እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛ፣ ከልምምድ ስትወጡ «እንዴት ነበርኩ?» ሳይሆን «የቱ ጋ ጠፋባችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ደብተር ላይ ጻፉ።

አራተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ልምምድ ላይ ነኝ ብላችሁ ንባቡን እንዳትረሱት!

ደመወዙ ያጠግባል ብዬ አላታልላችሁም። ግን እናንተም «አይዞህ» ስላሏችሁ ብቻ አትሽሹ። ገብታችሁ እዩ፤ ከዚያ ቁረጡ።