እግር የማያይ ጫማ ሻጭ

እሑድ ማለዳ፣ ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ጫፍ ሳይነሣ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣ ሰው ሁለት ዓይነት መንገደኛ ያያል። አንደኛው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ለጠበል የሚሄደው ነው። ሁለተኛው ቱታውን ለብሶ ዳገቱን በሩጫ የሚያያዘው ወጣት ነው። ጠበልተኛው ከስፍራው ሲደርስ ጫማውን ያወልቃል፤ ሯጩ ግን ተስፋው ከጫማው ጋር የታሰረ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ስለሚጠጋ አየሩ ስስ ነው፤ ብዙ ስመ ጥር ሯጮቻችን ትንፋሻቸውን ያበረቱት በዚህ ጋራ ላይ ነው።

ባለፈው ወር ከነዚህ ሯጮች አንዲቱን፣ በመንገዱ ዳር ከድንጋይ ላይ ተቀምጣ የአንድ እግር ጫማዋን አውልቃ አገኘኋት። የአውራ ጣትዋ ጥፍር ጠቁሯል።

«ምነው እኅቴ፣ እንቅፋት መታሽ?» አልኋት።

«የለም ጋሼ፣ አዲሱ ጫማዬ ነው» አለችኝ።

ነገሩን ስትነግረኝ እንዲህ ነው። ልጅቱ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። እናትዋ ሾላ ገበያ ጉልት ተቀምጠው ከሚሸጡት ሽንኩርት እየቀነሱ የጣሉት ዕቁብ ሲደርሳቸው፣ ሌላውን የቤት ጉድለት ሁሉ ትተው ለልጃቸው የመሮጫ ጫማ ገዙላት። መደብሩ በከተማው መካከል ካሉት የስፖርት ዕቃ መደብሮች አንዱ ነው፤ መስተዋቱ የሚያበራ፣ ጫማው በመደርደሪያ እንደ መጽሐፍ የተሰደረ። ልጅቱ «39 ነኝ» ብትል ሻጩ 38 አወጣላት። «ጠበበኝ» ብትል «ሲለበስ ይሰፋል» አላት። ተራምዳ ልትሞክረው ብትፈልግ ሶሉ እንዳይቆሽሽ ከካርቶን ክዳን ላይ አቆማት። በካርቶን ክዳን ላይ የቆመ ሰው ግን ስለ መቆም እንጂ ስለ መሮጥ የሚያውቀው ነገር የለም።

የእንጦጦን መንገድ የማያውቅ ሰው ጥፍር የሚያጠቁረው ዳገቱ ይመስለዋል። ጥፍር የሚያጠቁረው ቁልቁለቱ ነው። ሯጭ ሲወርድ የሰውነቱ ክብደት እግሩን ወደ ጫማው አፍንጫ ይገፋዋል፤ በጣቱና በጫማው ጫፍ መካከል የአውራ ጣት ወርድ ያህል ክፍት ቦታ ከሌለ ጥፍሩ በየእርምጃው ይደቃል። እግርም ደግሞ ማለዳና ማታ አንድ አይደለም፤ ሲውል ያብጣል፤ ሲሮጥበት ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ የመሮጫ ጫማ መግዛት ከሰዓት በኋላ፣ በሚሮጡበት ካልሲ፣ ቆመውና ተራምደው ነው። በጫማው ምላስ ላይ የሚታየውም ቁጥር አያሌ ሰው ያሳስታል፤ የእንግሊዙ 8 ከአውሮፓው 42 ጋር ይቀራረባል፣ የአሜሪካኑ የወንድና የሴት ቁጥር ደግሞ ለየብቻ ነው። ከሁሉ የሚሻለው በሴንቲ ሜትር የተጻፈውን ማየት ነው። ይህን ሁሉ ገዢው እንዲያውቅ አይጠበቅም፤ ሻጩ ግን እንጀራው ነው።

በማግሥቱ ከልጅቱ ጋር ወደ መደብሩ ሄድን። ሻጩ ጎልማሳ ነው፤ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ ሰማን።

«ጫማው ጠቧታል፤ በቁጥርዋ ቢለወጥላት?» አልሁት።

«ስትገዛ ሞክራዋለች እኮ።»

«39 ብላ ጠይቃህ 38 ነው የሰጠሃት።»

«39 አልነበረማ! ጌታዬ፣ ማስታወቂያውን አላነበቡትም?» አለና በጣቱ ወደ ግድግዳው አመለከተ። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል።

ይህ ማስታወቂያ በከተማችን ያልተለጠፈበት ሱቅ ጥቂት ነው። ሆኖም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ፣ በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ፣ ዕቃ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ እንዳይገደድ ደንግጓል። ጉድለት ያለበት ዕቃ ስለሚለወጥበትም ይናገራል። ሻጩ ይህን ሲሰማ ሳቀና «ጫማው ምን ጉድለት አለበት?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጫማው ጉድለት የለበትም። ጉድለቱ ያለው በአሻሻጡ ላይ ነው፤ ለዚህ ደግሞ መለወጫ አይገኝለትም።

ተናድጄ ስወጣ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቁጣዬ ቀዘቀዘ። ይህን ገጽ ከሚያነቡት ብዙዎቹ በየመሥሪያ ቤቱ ከመስኮት ወዲያ የተቀመጡ ወጣት ሠራተኞች ናቸው። እኔም ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ባለጉዳዩን ቀና ብለን ሳናይ «ነገ ተመለስ» ስንለው፣ ከዚያ ሻጭ የምንለየው የተሸጠ ዕቃ ባለመኖሩ ብቻ ነው።

ለጫማ ሻጭ ሁሉ መነገር ያለበት ታሪክ ያለው በኛው አገር ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ማሸነፉን የማያውቅ የለም። በባዶ እግሩ የሮጠበትን ምክንያት ግን ብዙ ሰው ለጀግንነት ብቻ ይሰጠዋል። ያለ ጫማ መሮጥ የለመደ ሰው መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ነገር ግን ለውድድሩ ከቀረቡለት ጫማዎች ለእግሩ የሚስማማ አልተገኘም። እንግዲህ በዚያች ሌሊት ዓለም በአድናቆት ያየው እግር፣ በልኩ ጫማ ያጣ የአንድ ደንበኛ እግር ነበር ማለት ነው።

በ1953 ዓ.ም. በሰኔ ወር አበበ በጃፓን ኦሳካ ለሚደረገው ማራቶን ሄደ። ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የሚባል የኮቤ ከተማ ጫማ ሠሪ፣ ኋላ አሲክስ የተባለው ኩባንያ መሥራች፣ ይህን ሲሰማ ደንበኛው ወደ ሱቁ እስኪመጣ አልጠበቀም፤ እርሱ ወዳረፈበት ሄደ። የጃፓን መንገድ ለባዶ እግር እንደማይመች ነግሮ ቀላል ጫማ ሊሠራለት ተማጠነው። ይህ ሰው ከዚያ በፊት የማራቶን ሯጮች እግር ለምን ውኃ እንደሚቋጥር ሲያጠና ቆይቶ፣ ምክንያቱ በጫማው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት መሆኑን ተረድቶ አየር የሚያስገባ ጫማ ሠርቶ ነበር። አበበ እሺ አለ፤ ጫማውን አድርጎም አሸነፈ። በጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ለሁለተኛ ጊዜ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ድል ሲያደርግ ግን በእግሩ የነበረው የጀርመኑ የፑማ ጫማ ነው። ደንበኛ እንዲህ ነው፤ ኦኒትሱካ ያን ሁሉ ደክሞ አበበን ለዘለዓለም አላሰረውም።

ዛሬ ጫማ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጉዟል። ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በበርሊን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ የዚያን ጊዜውን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ዋጋው 500 ዶላር የሆነ ነበር። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ደራራ ሁሪሳ በቪየና አንደኛ ከገባ በኋላ ውጤቱ ተሠርዞበታል። ምክንያቱም የጫማው ሶል ውፍረት ከተፈቀደው 4 ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር በልጦ መገኘቱ ነው። የአንዲት ጣት ወርድ የአንድ ዓመት ልፋት ስትወስድ አስቡት!

ወደ ልጅቱ ነገር ልመለስ። ከመደብሩ እንደ ወጣን የሄድነው ሰልባጅ ወደሚሸጥበት ነው። ጫማ በላስቲክ ላይ ዘርግተው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ገና ሳንጠይቃቸው በርጩማ አቀረቡላትና «ልጄ፣ እስቲ እግርሽን ልየው» አሉ። ጥፍርዋን አዩና ምላሳቸውን መጠጡ። «የምትሮጪው ወዴት ነው?» «እንጦጦ፣ ኪዳነ ምሕረት መውጫ።» ልጅቱ ዓይንዋን የጣለችበትን ነጭ ጫማ ከእጅዋ ተቀብለው መለሱት፤ «ይኸ ለአስፋልት ነው፤ የእንጦጦ ድንጋይ በሳምንት ይበላዋል» አሉ። ዋጋው ከሌላው የበለጠ ነበር፤ ሳይሸጡት ቀሩ። በምትኩ ጥርሱ ያላለቀ፣ አፍንጫው ሰፋ ያለ አሮጌ ጫማ አውጥተው ክሩን ራሳቸው አሰሩላት፤ እስከ መንገዱ ጫፍ ሮጣ እንድትመለስም ላኳት። ሳትከፍል! ብትጠፋስ ብዬ ብጠይቃቸው «በዚያ ጥፍር የት ትደርሳለች?» አሉኝ።

ባለፈው እሑድ በዚያው ዳገት ላይ አለፈችኝ። «ጋሼ፣ በርታ!» ብላኝ ሄደች፤ ልከተላት ብሞክር እስከ መታጠፊያው እንኳ አልደረስሁም። የጠቆረው ጥፍር ወልቆ ሌላ እየበቀለ ነው አለችኝ በኋላ። ያ 38 ቁጥር ጫማ ለታናሽ እኅትዋ ተሰጥቷል። ለእርስዋ ግን ሰፊ ስለሆነ፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቃ ትምህርት ቤት ትሄድበታለች።